ረቂቅን ስለ መፈተን፦ ከሰሚት ጎዳና እስከ ቅኔ ቤት

የፈጠራ ሥራ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት ጥራቱ የሚታወቅበት መንገድ አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ዘግይቶ ነው፤ መጽሐፉ ታትሞ ከመደርደሪያ ካልተነሣ፣ ዘፈኑ ተለቅቆ ሰሚ ካጣ፣ ተውኔቱ መድረክ ላይ ወጥቶ ከወደቀ በኋላ። በዚያን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ወይ ሠሪውን ለማጽናናት ወይ ተመልካቹን ለመውቀስ የሚውል በመሆኑ፣ ስለ ሥራው የሚናገረው ጥቂት ነው። ይህ ንግግር የሚመለከተው ከዚያ የሚቀድመውን ጊዜ፣ ማለትም ሥራው ገና በሠሪው እጅ ያለበትንና ሊለወጥ የሚችልበትን ጊዜ ነው። ረቂቅ ሲባል ብዙዎች በጅምር ያለን ጽሑፍ ያስባሉ፤ እዚህ ላይ ግን ሠሪው “አልቋል” ብሎ ያመነበት፣ ሆኖም ከእርሱ ሌላ ማንም ያላየው ሥራም ረቂቅ ይባላል፤ እንዲያውም ፈተና በብርቱ የሚያስፈልገው ይኸው ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም በጅምር ያለውን ሥራ ሠሪው ራሱ ይጠረጥረዋል፤ ያለቀውን ግን አይጠረጥረውም።

ሚሲሲፒ ወንዝ የሚያገናኛቸው ሚኒያፖሊስና ሴይንት ፖል፣ ወይም በተለምዶ አጠራራቸው መንትያዎቹ ከተሞች፣ ለዚህ ጥያቄ ከሩቅ ምሳሌ መዋስ የማያስፈልግባቸው ስፍራዎች ናቸው። ባለፉት 100 ዓመታት ገደማ ውስጥ ልቦለድ፣ ተውኔት፣ ሙዚቃ፣ ሌላው ቀርቶ የቢሮ ዕቃ ሳይቀር ለዓለም ከመውጣታቸው በፊት በእነዚህ ከተሞች ተፈትነዋል፤ የአንዳንዶቹም ፈተና እንዴት እንደ ተካሄደ በዝርዝር ይታወቃል። እነዚህን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚመለከት ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ለሥራው የጠቀመው ፈተና “ይህን ወደዳችሁት?” ብሎ የጠየቀው ሳይሆን፣ ሥራው የቱ ቦታ ላይ እንደሚሰናከል በጣት ያሳየው ነው። (ዓመታቱ፣ “ዓ.ም.” ከተባሉት በቀር፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ደራሲው ኤፍ. ስኮት ፊትዝጀራልድ በ1896 በሴይንት ፖል ተወለደ። በጦር ሠራዊት ውስጥ ሳለ የጻፈውን “ዘ ሮማንቲክ ኢጎቲስት” የተባለ ልቦለድ በ1918 ስክሪብነርስ ለተባለው የኒውዮርክ አሳታሚ ድርጅት ቢልክ በነሐሴ ወር ተመለሰለት፤ አሻሽሎ ቢልከውም በጥቅምት እንደገና ተመለሰ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው የእምቢታ ደብዳቤ ከተለመደው የእምቢታ ደብዳቤ የተለየ ነበር፤ ታሪኩ ወደ አንድ መደምደሚያ እንደማይደርስ፣ ባለታሪኩም መጽሐፉ ሲዘጋ መዝጋትን ተገቢ የሚያደርግ ደረጃ ላይ እንደማይገኝ ይገልጻል። ይህ “መጽሐፉ አልጣመንም” ከማለት የራቀ አነጋገር ነው፤ ጉድለቱ ያለበትን ቦታ ይጠቁማልና። ፊትዝጀራልድ በ1919 የበጋ ወራት የኒውዮርክ ሥራውን ትቶ፣ እጮኛውም ቃል ኪዳኑን አፍርሳበት፣ በሴይንት ፖል ሰሚት ጎዳና ቁጥር 599 ወደሚገኘው የወላጆቹ ቤት ተመለሰና መጽሐፉን ከሥሩ አፍርሶ ጻፈው። “ዚስ ሳይድ ኦቭ ፓራዳይዝ” የሚል አዲስ ርእስ የተሰጠውን ይህን ረቂቅ፣ የስክሪብነርስ አርታኢ የነበረው ማክስዌል ፐርኪንስ በመስከረም 1919 መቀበሉን አስታወቀ፤ መጽሐፉ በመጋቢት 1920 ሲወጣ የመጀመሪያው ኅትመት 3,000 ቅጂ በሦስት ቀን አለቀ።

ታሪኩ በዚህ ቢቆም ምሳሌነቱ ያማረ ይሆን ነበር፤ ነገር ግን መጽሐፉ በፊደል ስሕተትና በተዛቡ ስሞች ተሞልቶ ስለ ወጣ፣ አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ ዓምደኛ ስሕተቶቹን እየለቀመ ለአንባቢዎቹ መሳቂያ አደረጋቸው። አርታኢ ማለት፣ ለማያውቀው አንባቢ ለመግለጽ ያህል፣ ጽሑፉን ከደራሲው ጋር ሆኖ አወቃቀሩን የሚመረምር ሰው ሲሆን፣ አራሚ ግን በመጨረሻው ገጽ ላይ ፊደሉንና ሥርዓተ ነጥቡን የሚለቅም ነው፤ ፐርኪንስ በመጀመሪያው ሙያ በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበረው፣ በሁለተኛው ግን ደካማ ሰው ነበር። አንድ ፈታኝ ሁሉንም ያያል ብሎ የሚያምን ደራሲ ከዚህ የሚማረው አለ። ፊትዝጀራልድም ይህን ሳይረዳው አልቀረም፤ በ1923 ያሳተመውን “ዘ ቬጅታብል” የተሰኘ ተውኔት፣ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ልቦለዶቹ ውስጥ ብዙ የማይረባ ነገር ለሰረዙለት ሁለት ሰዎች በመታሰቢያነት ሲሰጥ፣ አንደኛው የታወቀው ሐያሲ ኤድመንድ ዊልሰን ሲሆን፣ ሁለተኛዋ ካትሪን ታይ የምትባል የሴይንት ፖል ጓደኛው ነበረች።

የዚሁ ደራሲ ሁለተኛ ምሳሌ ይበልጥ የረቀቀ ነው። በ1924 መጨረሻ ፐርኪንስ “ዘ ግሬት ጋትስቢ” የተባለውን ረቂቅ አንብቦ ሲጨርስ የጻፈው ደብዳቤ ከፍ ባለ ምስጋና የተሞላ ቢሆንም፣ መጽሐፉን የለወጠው የምስጋናው ክፍል አልነበረም። አርታኢው ሁለት ቦታ ነካ፤ አንደኛ፣ ሌሎቹ ሰዎች ሁሉ መንገድ ላይ ቢገኙ ተለይተው የሚታወቁ ሲሆኑ ጋትስቢ ራሱ ግን መልኩና ዕድሜው ደብዝዞ፣ የሀብቱም ምንጭ ተሸፍኖ መቅረቱን፤ ሁለተኛ፣ የሕይወት ታሪኩ በአንድ ቦታ ተከምሮ መነገሩን አመለከተ። ፊትዝጀራልድ በዚያን ጊዜ ሮም ነበር፤ ማተሚያ ቤቱ ለእርማት በላከለት ገጽ ላይ የጋትስቢን ያለፈ ታሪክ ቆራርጦ ወደ ተለያዩ ምዕራፎች በተነው፣ አንዳንድ ምዕራፎችንም እንደ አዲስ ጻፋቸው። መጽሐፉ በሚያዝያ 1925 ታተመ። ዛሬ አንባቢው ስለ ጋትስቢ ማንነት በጥቂት በጥቂቱ ሲያውቅ የሚሰማው ጉጉት፣ ከመጀመሪያው ረቂቅ ሳይሆን ከዚያ ክረምት እርማት የመጣ ነው።

የልቦለድ ፈተና በዝምታ የሚካሄድ ሲሆን የተውኔት ፈተና ግን ድምፅ ይፈልጋል። ተውኔት ጸሐፊው ኦገስት ዊልሰን ከትውልድ ከተማው ከፒትስበርግ ወደ ሴይንት ፖል የመጣው በ1978 ነው፤ በሚኒሶታ የሳይንስ ሙዚየም ለትምህርታዊ ትርኢቶች ጽሑፍ እያዘጋጀ ይተዳደር ነበር። የጥቁር አሜሪካውያንን ንግግር በጽሑፉ ውስጥ በትክክል መስማት የጀመረው ከፒትስበርግ ከራቀ በኋላ መሆኑን እርሱ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል፤ ይህም ከአገሩ ርቆ በአገሩ ቋንቋ የሚጽፍ ማንኛውም ሰው ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው። በ1979 “ጂትኒ” የተባለውን ተውኔት ጻፈና በእርሱ አማካይነት በ1971 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ከተመሠረተው የተውኔት ጸሐፊዎች ማዕከል ድጎማ አገኘ።

የዚህ ማዕከል አሠራር ለርእሰ ጉዳዩ ቁልፍ ስለ ሆነ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። ማዕከሉ የሚታወቀው ከሚያሳየው ተውኔት ይልቅ በሚፈትነው ተውኔት ነው። ጸሐፊው ረቂቁን ያመጣል፤ ሙያቸው ትወና የሆነ ሰዎች ያለ አልባሳት፣ ያለ መድረክ ዕቃ፣ ጽሑፉን በእጃቸው እንደ ያዙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል፤ ይህ የንባብ ትርኢት ይባላል። ከጎናቸው ድራማተርግ የሚባል ባለሙያ ይቀመጣል፤ ሥራው አዘጋጁን ተክቶ ማዘዝ ሳይሆን፣ ጸሐፊው ሊሠራ ያሰበውን ከተሠራው ጋር እያስተያየ መጠየቅ ነው። ጸሐፊው አይናገርም፤ ይሰማል። ተዋናይዋ አንድን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ከጀመረችው፣ አድማጮቹ በመቀመጫቸው ላይ መንቀሳቀስ ከጀመሩ፣ ያልታሰበ ቦታ ላይ ሳቅ ከተሰማ፣ ማንም አስተያየት ሳይሰጥ ቦታው ራሱን ያጋልጣል። ጸሐፊው በልቡ ሲያነብ የጎደለውን ሁሉ አእምሮው ይሞላለታል፤ የሌላ ሰው አንደበት ግን ከወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚናገረው።

ዊልሰን ከዚህ ፈተና ጋር የእምቢታን ፈተናም ቀምሷል። በኮኔቲከት የሚገኘው የዩጂን ኦኒል የቲያትር ማዕከል “ጂትኒ”ን አልተቀበለውም። ጸሐፊው ግን ተቀባይ ማጣቱን የሥራው ሁሉ ፍርድ አድርጎ አልወሰደውም፤ “ማ ሬይኒስ ብላክ ቦተም” የተባለውን ሌላ ተውኔት ጽፎ ላከና በ1982 ተቀባይነት አገኘ፤ ተውኔቱም በ1984 ብሮድዌይ ደረሰ። ከዚያ በኋላ በወጡት ሥራዎቹ፣ ከአዘጋጁ ከሎይድ ሪቻርድስ ጋር በፈጠረው ልማድ፣ አንድ ተውኔት ኒውዮርክ ከመድረሱ በፊት በተለያዩ ከተሞች መድረክ እየወጣ፣ በየከተማውም እየተሻሻለ ይሄድ ነበር። “ዘ ፒያኖ ሌሰን” በ1987 በዬል ዩኒቨርሲቲ ታይቶ በ1990 ብሮድዌይ እስኪገባ ድረስ መጨረሻው ተለዋውጧል፤ በዚያው ዓመትም ለጸሐፊው ሁለተኛውን የፑሊትዘር ሽልማት አስገኝቷል። ያልተቀበሉት “ጂትኒ”ም ቢሆን አልሞተም፤ ዊልሰን በ1996 ፒትስበርግ ውስጥ እንደ ገና አስፋፍቶ አሳየው፤ በ2017 ደግሞ ብሮድዌይ ላይ ቀርቦ ዳግም ለመድረክ ከበቁ ተውኔቶች መካከል የቶኒ ሽልማት አግኝቷል። የ1979ኙን ረቂቅ የመለሱት ሰዎች ተሳስተዋል ማለት ይህ አይደለም፤ የመለሱት ጽሑፍና ኋላ የተሸለመው ጽሑፍ አንድ አልነበሩምና።

ከተውኔት ቤት ወደ ጭፈራ ቤት ለመሻገር ከሴይንት ፖል ወንዙን ተሻግሮ ሚኒያፖሊስ መሐል ከተማ መድረስ ይበቃል። ቀድሞ የአውቶቡስ መናኸሪያ በነበረውና ፈርስት አቬኒው በሚባለው የሙዚቃ አዳራሽ ውስጥ፣ የከተማው ልጅ፣ ዘፋኙ ፕሪንስ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1983 ለሚኒሶታ ዳንስ ቲያትር የገቢ ማሰባሰቢያ ኮንሰርት ሲያቀርብ፣ ሕዝቡ ከዚያ በፊት ሰምቷቸው የማያውቃቸውን ዘፈኖች ተጫወተ። የመቅረጫ መሣሪያ የጫነ መኪና ውጭ ቆሞ ሁሉንም ይቀዳ ነበር። “ፐርፕል ሬይን” የተባለው ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የተሰማው በዚያ ምሽት ሲሆን፣ በ1984 በወጣው አልበም ላይ የሚሰማው ቅጂም መሠረቱ ይኸው የቀጥታ ቅጂ ነው። ፕሪንስ ግን እንዳለ አላሳለፈውም፤ በስቱዲዮ ውስጥ አንድ ሙሉ ስንኝ አወጣ፣ ከጊታሩም ክፍል ቀነሰ፣ የባለ አውታር መሣሪያዎች ድምፅ ጨመረበት፣ ዘፈኑንም ወደ 9 ደቂቃ ገደማ አሳጠረው።

እዚህ ላይ ለሙዚቀኞች ብዙም የማይነገር ነገር አለ። ሕዝብ የማያውቀውን ዘፈን ሲሰማ አይጮኽም፤ ያዳምጣል። የጭብጨባውን ከፍታ መለኪያ ያደረገ ሰው አዲስ ዘፈን ሁሉ ከታወቀው ዘፈን ያነሰ መስሎ ይታየዋል። የዚያ ምሽት ጥቅም ቅጂው ላይ ነበር፤ ዘፈኑ በሙቀትና በላብ መካከል፣ ሕዝብ በቆመበት ሲዘፈን የቱ ጋ እንደሚረዝም፣ የቱ ስንኝ ከዜማው ጋር እንደማይሄድ በማግሥቱ በቀዘቀዘ ጆሮ ሊሰማ ተቻለ። መድረኩ ፈተናውን ሰጠ፤ እርማቱ የተካሄደው ግን ሕዝቡ በሌለበት ነው።

የፈተናው መሣሪያ ራሱ ሊሳሳት እንደሚችል ለማሳየት ደግሞ በሴይንት ፖል አካባቢ ያለው ስሪኤም ኩባንያ አጭር ታሪክ ይበቃል። ስፔንሰር ሲልቨር የተባለ ኬሚስት በ1968 ያገኘው ደካማ ማጣበቂያ ለዓመታት ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ አርት ፍራይ የተባለ ባልደረባው በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ሲዘምር የመዝሙር መጽሐፉ ምልክት እየወደቀበት ስለ ተቸገረ ተለጥፎ በቀላሉ የሚነሣ ወረቀት አሰበ። ኩባንያው ወረቀቱን በ1977 በአራት ከተሞች ለገበያ አቀረበው፤ ውጤቱ ደካማ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን በአይዳሆ ግዛት በቦይዚ ከተማ ለቢሮዎች በነጻ ታደለ፤ የተጠቀሙበት ሰዎችም እንግዛ አሉ፤ በ1980 በመላ አሜሪካ ተሸጠ። ዕቃው በሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። በመጀመሪያው ፈተና ሰዎች የተጠየቁት ያልነኩትን ነገር እንዲገዙ ነው፤ በሁለተኛው ከተጠቀሙበት በኋላ እንዲናገሩ ነው። “ስለ አንድ ስደተኛ ቤተሰብ የሚተርክ ልቦለድ ልጽፍ ነው፣ እንዴት ታየዋለህ?” ብሎ ለወዳጁ የሚያማክር ደራሲ፣ ሳያውቀው፣ ያንኑ የ1977ቱን ፈተና እየደገመ ነው።

ኢትዮጵያዊ አድማጭ እስካሁን የተነገረውን ሲሰማ ቅኔ ቤትን ሳያስታውስ አይቀርም፤ ማስታወሱም ተገቢ ነው። በዋሸራ፣ በጎንጅና በሌሎቹ የጎጃም ቅኔ ቤቶች የኖረው ሥርዓት ከረቂቅ ፈተናዎች ሁሉ ጥብቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። ተማሪው መምህሩ የሰጡትን አብነት ሰምቶ ወደ ገለልተኛ ቦታ ይሄድና ራሱን በሸማው ሸፍኖ ቅኔውን ያወጣል፤ ይህ ቆጠራ ይባላል። ከዚያ ወደ መምህሩ ወይም መምህሩ ወደ ወከሉት ከፍ ያለ ተማሪ ቀርቦ ያወጣውን በቃሉ ያቀርባል፤ ይህ ደግሞ ነገራ ነው። ጀማሪው በሁለት ቤት በምትወጣው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እርሷን ሳያስተካክል ወደ ረጃጅሞቹ፣ ወደ ሥላሴና ወደ መወድስ፣ አይሻገርም።

መምህሩ በነገራ ጊዜ የሚያደርጉትን ልብ ማለት ያስፈልጋል። “ጥሩ ነው” ወይም “መጥፎ ነው” ብለው አይሸኙም። ግሱ ከባለቤቱ ጋር አልተስማማ እንደ ሆነ ግሱን ያነሣሉ፤ ዜማው ከልኩ አልፎ ወይም ጎድሎ እንደ ሆነ ቃሉን ያሳያሉ፤ ቤቱ ካልመታ ቤቱን፣ ሰሙ ከወርቁ ካልተጋጠመ የተለያዩበትን ቦታ ይነግሩታል፤ ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ምሥጢሩ ከበዓሉ ጋር የማይሄድ ከሆነም ቅኔው ሌላ ቀን ይጠብቃል። ዙሪያውን የተቀመጡት ተማሪዎች የጓደኛቸው ቅኔ ሲታረም ስለሚሰሙ አንዱ እርማት ለብዙዎች ትምህርት ይሆናል። በመጨረሻም ቅኔው በቤተ ክርስቲያን ይቀርባል፤ እዚያ የሚሰሙት ሊቃውንት በሌላ ቀን የተባለን ቅኔ የደገመን ሰው ያውቁበታል፣ ያፍርበታልም። ልዩነቱ ምንድን ነው ቢባል፣ የቅኔ ቤት መለኪያ አስቀድሞ የታወቀና ሁሉም የሚጋራው ሲሆን፣ ልቦለድ ወይም ነጻ ግጥም የሚጽፍ ሰው ግን መለኪያውን ከሥራው ጋር አብሮ መፍጠር አለበት። የዘመናዊ ደራሲ ጭንቀት አንዱ ምንጭ ይኸው ነው፤ ነገራ የሚቀርብለት መምህር የለውም፣ ቢኖረውም በየትኛው አብነት እንደሚያርመው አይታወቅም።

ነገራ ከቅኔ ቤት ወደ ዘመናዊው ጽሑፍ ያልተሻገረበት ሌላም ምክንያት ሳይኖር አይቀርም፤ እርሱም ሳንሱር ነው። በንጉሡም በደርግም ዘመን ረቂቅን ከኅትመት በፊት አንብቦ ማለፉን ወይም አለማለፉን የሚወስን የመንግሥት ሰው ነበር። ሳንሱር አንባቢ ነው፣ እርሳስ ይዞ ያነባል፣ ቦታም ይጠቁማል፤ የሚፈልገው ግን የሚያሰጋውን እንጂ የሚጎድለውን አይደለም። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው “ኦሮማይ” ታትሞ ለሽያጭ ከቀረበ በኋላ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከመንግሥት ሥራው ተነሣ፣ በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ ያለፈ የጽሑፍ ማኅበረሰብ ረቂቁን ለሌላ ሰው ከማሳየት መቆጠቡ አያስገርምም። ዛሬ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ማንም ሳንሱር የማያደርገው ደራሲ ጽሑፉን ደብቆ ጽፎ፣ ደብቆ አሳትሞ፣ በምረቃው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳይ የሚታየው፣ ያ ልማድ ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ስለ ቀጠለ ይመስላል።

ሚኒያፖሊስ ከተነሣች ሰሎሞን ዴሬሳን ሳያነሡ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። በ1937 በወለጋ የተወለደው ይህ ገጣሚ “ልጅነት” የተባለውን የግጥም መድበሉን በ1963 ዓ.ም. አሳተመ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የሕይወቱን ብዙ ዘመን በሚኒሶታ ኖረ፤ በኅዳር 2017 እዚያው ሚኒያፖሊስ ውስጥ ዐረፈ። ሁለተኛው መድበሉ “ዘበት እልፊቱ ወለሎታት” የወጣው በ1991 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል 28 ዓመት ነው ያለው። “ልጅነት” ሲወጣ ብዙ ክርክር ያስነሣው፣ የአማርኛ ግጥም ለረዥም ዘመን ሲመዘንባቸው የኖሩትን ልኮች ስላልጠበቀ ነበር። ለምሳሌ የወል ቤት የሚባለው ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ያላቸው ሁለት ሐረጎች ይፈልጋል፤ ቀለም ማለት እዚህ ላይ በዜማ የሚቆጠር አንድ የድምፅ ክፍል ነው። ይህን ልክ በእጁ ይዞ የ“ልጅነት”ን ረቂቅ የሚያይ ፈታኝ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ቀይ ቀለም ያፈስስ ነበር፤ እያንዳንዱ እርማቱም በራሱ ሚዛን ትክክል፣ ለመጽሐፉ ግን ከንቱ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ፈታኙ በመጀመሪያ ሥራው በየትኛው ሚዛን እንዲመዘን እንደሚጠይቅ መረዳት አለበት። ይህ ግን ለሰነፍ ደራሲ መሸሸጊያ እንዳይሆን ጥንቃቄ ይሻል፤ “አልገባህም፣ ስልቱ አዲስ ነው” የሚለው መልስ በሁሉም ቦታ የሚሠራ ከሆነ የትም ቦታ አይሠራም። የወል ቤትን ልክ የተወ ግጥም ሌላ ልክ አለው ማለት ነው፤ ያን ልክ በሦስተኛው ገጽ ጠብቆ በሰባተኛው ገጽ ሳያውቀው ከሳተ፣ ጉድለቱ በራሱ ሕግ የተረጋገጠ ጉድለት ነው፤ ይህን ደግሞ አዲሱን ስልት ፈጽሞ የማይወድ አንባቢ እንኳ፣ በጥሞና ካነበበ፣ ሊያሳየው ይችላል።

በመንትያዎቹ ከተሞች በአማርኛ የሚጽፍ ሰው የሚገጥመው ችግር ከእነዚህ ሁሉ የተለየ መልክ አለው። አንባቢዎቹ በቤተ ክርስቲያን፣ በእድር፣ በሠርግና በለቅሶ የሚያገኛቸው ሰዎች ናቸው፤ ረቂቁን የሰጠው ሰው በሚቀጥለው እሑድ ዐይኑን ያየዋል። እንዲህ ባለ ማኅበር ውስጥ “በርታ” የሚለው ቃል የይሉኝታ ግብር ነው፣ ማንንም አያስወቅስም፣ ምንም መረጃም አይሰጥም። ሥራው በይፋ የሚነገርበት ብቸኛው አጋጣሚ የመጽሐፍ ምረቃ ሲሆን፣ እርሱም ከኅትመት በኋላ የሚመጣ፣ ተናጋሪዎቹ ለማመስገን የተጋበዙበት፣ ደራሲው የኅትመቱን ወጪ ከራሱ ኪስ ከፍሎ የሚቀመጥበት በዓል ነው። በዓሉ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ከእርሱ በፊት አንድ ሌላ ስብሰባ ቢኖር፣ ጥቂት ሰዎች ቡና ተፈልቶላቸው የታተመ ሳይሆን የተጻፈ ብቻ የሆነ ነገር ቢሰሙ፣ የምረቃው ንግግር ራሱ ይበልጥ እውነት ይሆን ነበር። ሚኒያፖሊስ ለዚህ ዓይነት ልማድ እንግዳ አይደለችም፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አቅራቢያ ከአንድ መጽሐፍ መደብር በላይ ባለ ክፍል የተጀመረውና ዛሬ ዋሽንግተን ጎዳና ላይ የሚገኘው ሎፍት የሥነ ጽሑፍ ማዕከል፣ ጸሐፊዎች ረቂቃቸውን በቡድን የሚያርሙበት ቤት በመሆን ይታወቃል።

ይሉኝታን በምክር ማጥፋት አይቻልም፤ ጥያቄውን በመለወጥ ግን መንገድ ማስቀየር ይቻላል። “እንዴት አገኘኸው?” የተባለ ወዳጅ ከማመስገን ሌላ ምርጫ የለውም። “የት ላይ አቁመህ ሌላ ሥራ ጀመርህ? የትኛውን ገጽ ሁለቴ አነበብህ? ታሪኩን እስቲ ንገረኝ” የተባለ ሰው ግን ማንንም ሳይነቅፍ እውነቱን ይናገራል፤ ታሪኩን ሲናገር ዘልሎ ያለፈው ክፍል ለአንባቢ ያልደረሰ ክፍል ነውና። ከአንድ ሳምንት በኋላ ምን እንደሚያስታውስ መጠየቅም ደራሲው ዋና ነው ያለውንና አንባቢው ይዞ የቀረውን ያስተያያል። ሁለት የማይተዋወቁ አንባቢዎች በአንድ ገጽ ላይ ከቆሙ፣ ለምን እንደ ቆሙ የሰጡት ምክንያት ቢለያይ እንኳ፣ ገጹ መታየት አለበት፤ አንባቢ የቆመበትን ቦታ አይስትም፣ የቆመበትን ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ይስታል፤ መድኃኒቱን ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ይስታል።

የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ በራሱ ጠባይ የሚፈልገው አንድ ፈተና አለ። ፊደሉ የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው አይለይም፤ “ይበላል” የሚለው ቃል በዪውንም ተበዪውንም ሊያመለክት ይችላል። ደራሲው የጻፈውን ስለሚያውቅ ሁልጊዜ በትክክል ያነበዋል፤ ግጥም ከሆነም ጥብቀቱን በዜማው ላይ ሳያውቀው ይጨምርበታል። ስለዚህ ጽሑፉን አስቀድሞ ያላየ ሰው ከፊቱ ተቀምጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብለት ማድረግ፣ በሚኒያፖሊሱ የተውኔት ማዕከል ተዋንያን ከሚሠሩት ሥራ የሚመሳሰል፣ ወጪ የማይጠይቅ ፈተና ነው። አንባቢው እዚህ የተወለደና አማርኛን በቤት ውስጥ የተማረ ወጣት ሲሆን ፈተናው ይከብዳል፤ በተለይ ለልጆች የሚጻፍ መጽሐፍ ከሆነ ግን ሌላ ፈታኝ መፈለግ አያስፈልግም፤ መጽሐፉን የሚገዙት ወላጆች ቢሆኑም የሚያነቡት ልጆቹ ናቸውና፣ ወላጅ የሚወደው አማርኛና ልጅ የሚያነበው አማርኛ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ጊዜም ፈታኝ ነው። ሮማዊው ገጣሚ ሆራስ ጽሑፍን እስከ ዘጠነኛው ዓመት ድረስ ደብቆ ማቆየትን መክሯል፤ ምክሩ ለባለጸጋ ወዳጅ ላለው ገጣሚ የሚመች ቢሆንም ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ሠሪው ሥራውን የረሳው ያህል ሲርቀው ብቻ እንደ እንግዳ ያነበዋል። ፊትዝጀራልድ በሁለት ወር ያህል እንደ ገና ጽፎ ላከ፤ በሰሎሞን ሁለት መድበሎች መካከል 28 ዓመት አለፈ፤ ከሁለቱ አንዱን ለሁሉም ልክ ማድረግ አይቻልም። ፈተናው ያበቃበትን ጊዜ የሚያመለክት አንድ ምልክት ግን አለ። በመጀመሪያ አንባቢዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ሁለት ቦታ ይጠቁማሉ፤ እነዚያ ከታረሙ በኋላ የሚመጡት አንባቢዎች እያንዳንዳቸው የተለያየ ቦታ ሲነኩ፣ አንዱ የነቀፈውን ሌላው ሲያደንቅ፣ የሚነገረው ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ አንባቢዎቹ ምርጫ መሆን ጀምሯል፤ ከዚያ በኋላ መጠየቅ ውሳኔን ለሌላ ሰው ማሸከም ነው።

ውሳኔውን ለማንም ያላሸከመ ሠሪ ፍርድም ቢሆን ከሕዝብ ፍርድ ጋር ላይገጥም ይችላል። ፕሪንስ በታኅሣሥ 1987፣ ታትሞ ያለቀውን “ጥቁር አልበም” የተባለ ሥራውን ለገበያ ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት እንዲቀር አደረገ፤ የመንፈሱን ጨለማ የተሸከመ ሥራ መስሎ ታይቶት ነበር፤ በምትኩም በ1988 “ላቭሴክሲ”ን አወጣ። የታገደው አልበም ግን በድብቅ እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ በውድ ዋጋም ተሸጠ፣ በ1994 በሕጋዊ መንገድ እስኪወጣ ድረስ ያወቁት ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ ከሁለቱ የቱ እንደሚበልጥ በሚኒያፖሊስ የሙዚቃ ወዳጆች መካከል ያለው ክርክርም ገና አልተዘጋም።